ማኅተም ያላረፈባት ስድብ

አቶ ረዳ ገላው የሚኖሩት ኮተቤ፣ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሰርቪስ ቤት ባለው ግቢ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ሰባ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ዓመት ያሳለፉት በአንድ ቴአትር ቤት ነው። የደመወዝ መዝገቡ «የመድረክ ሠራተኛ» ይበላቸው እንጂ ሥራቸው ሁለት ነበር። ቀን አናጺ ናቸው፤ ዙፋን ይሠራሉ፣ በር ይገጥማሉ፣ ከአጠናና ከጆንያ ግድግዳ ያቆማሉ። ትርኢት ሲኖር ደግሞ አስታዋሽ ይሆናሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ በስተግራ ዱካ ላይ ይቀመጡና የተውኔቱን ጽሑፍ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ተዋናይ ቃሉ ሲጠፋበት በሹክሹክታ ያቀብላሉ።

ማቀበሉ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ተዋናዩ መስማት አለበት፣ የፊተኛው ረድፍ ደግሞ መስማት የለበትም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይሰጥም፤ ሁለት ቃል ይበቃል፣ የቀረውን የተዋናዩ ምላስ ራሱ ይስበዋል። ቶሎ ከሰጡት ይቆጣል፤ ዕረፍት ያደረገው አስቦበት ነውና። ከዘገዩ ያልበዋል። አቶ ረዳ የሚያዩት የተዋናዩን ጉሮሮ ነበር። ጉሮሮው ባዶውን ሲውጥ ያን ጊዜ ይልካሉ።

ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ መድረኩን ማየት ሌላ ዓለም ነው። ሰው ሁሉ በጎኑ ይታያል። አቧራው በመብራቱ ጨረር ውስጥ፣ የሚያርፍበት ቦታ የሌለው ይመስል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። የአምስት መቶ ሰው ትንፋሽ አንድ ላይ ይመጣል፣ አንድ ላይ ይሄዳል። ዛሬም እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚሰማቸው ያ ትንፋሽ ነው፤ ቤታቸው ይሁኑ ዱካው ላይ ለጊዜው ይጠፋቸዋል።

እዚያ ተቀምጠው ነው አገር የሚሳደብባቸው ቃሎች ሲወለዱ ያዩት። አዲስ ተሾሞ የሚንጠባረር ሰው «ቀለሙ ያልደረቀ ሹም» ይባላል። ስለዚህ ቃል በሬዲዮ ሲተነተን ሰምተዋል፤ ምሁሩ ስለ ሥልጣን ብዙ አወራ። እሳቸው ግን ዙፋኑን የቀቡት በገዛ እጃቸው ነው። መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ቀለሙን መቀባት የጀመሩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ያውም ዘይት ቀለም፤ ትርኢቱ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሹሙ ተቀመጠ፣ ሲነሣ ካባው ዙፋኑ ላይ ቀረ። አሽከር ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ካባውን እየላጠ ቃሏን ጣል አደረጋት። በቃ፣ ይኸው ነው። ገና ነገሩ ሳይጀመር ለሚያማርር ሰው የሚባለው «ከደወል በፊት የሚያለቅስ» የሚለውም ታሪኩ ከዚህ አይርቅም። ትርኢት የሚከፈተው በሦስተኛው ደወል ነው፤ አንዷ ተዋናይት ዐይኗን በሽንኩርት ያሸችው ግን በአንደኛው ነበር።

ከሁሉም የበለጠችው ስድብ ግን አንዲት ናት። «ጥላህን ሰብስብ፣ ድንጋዩን ልይበት!»

መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ሰብሮ የሚገባ ሰው ይህችን ይጠጣታል። ስብሰባ ላይ ራሱን ለሚቆልል አለቃ ከኋላ ወንበር በቀስታ ትባላለች። ሚኒባስ ላይ ተለጥፋለች። ወጣቶቹ አሳጥረው «ጥላህን ሰብስብ ብሮ» ይሏታል። ከየት መጣች ቢባል ሁሉም ያውቃል፤ «የሸንተረሩ ችሎት» ከሚባለው ተውኔት ነው፤ ደሃዪቱ ባልቴት መንገድ ለዘጋባት ባለርስት የምትለው ነው። ደራሲው አርፏል፤ ውዳሴውም ለሱ ነው። የአቶ ረዳ ቤተሰብ ብቻ ሌላ ነገር ያውቃል። ቃሏን የፈጠሩት አባታቸው ናቸው።

ሰኞ ዕለት ነአምን ደወለ። ነአምን በአንድ አሳታሚ ቤት አርታኢ ነው፤ «የሸንተረሩ ችሎት»ን ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ ሊያወጣ ነው። የአቶ ረዳን ስልክ የሰጠችው ልጃቸው ርሆቦት ነበረች።

«ጋሽ ረዳ፣ ቃሏ የለችም» አላቸው።

«የት?»

«ጽሑፉ ላይ! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ገጹ ሁሉ ማኅተም አለበት፤ እሷ ግን የለችም።»

«አትኖርም» አሉ።

«እንዴት አትኖርም? አገር የሚያውቃት እኮ ናት!»

አስረዱት። ያኔ ተውኔት ከመታየቱ በፊት በሳንሱር ገጽ በገጽ ተነቦ ይታተምበታል፤ ማኅተም ካረፈ በኋላ አንድ ፊደል መጨመር መዘዝ አለው። ቃሏ የተባለችው ትርኢቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው። አዳራሹ ተናወጠ፤ ደራሲው ትቅር ለማለት አልቻለም፣ ጻፏት ለማለትም አልደፈረም። «ትባል፣ አትጻፍ» አለ። እነሆ አርባ ሦስት ዓመት ከአፍ ወደ አፍ ሄደች።

«እንግዲህ ችግሩ እሱ ነው» አለ ነአምን። «የደራሲው ወራሾች አባታችን ያልጻፈው አይገባም ብለዋል። ከርሆቦት እንደሰማሁት ግን የፈጠሯት እርስዎ ነዎት። ይህንኑ ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ ቃሏን አስገባና በግርጌ ማስታወሻ ስምዎን እሰጣለሁ። ወራሾቹም በዚህ ተስማምተዋል። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ምስክር ካጣሁ ግን ቃሏ ትቀራለች።»

አቶ ረዳ እሺም እምቢም ሳይሉ ስልኩን ዘጉ። ቃሏን እሳቸው አልፈጠሯትም።

የሆነው እንዲህ ነው። በ1974 ዓ.ም. ለተውኔቱ አጥር የሚሆን አጠና ሊመርጡ እንጦጦ ወጡ። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ቀጭን መንገድ ላይ ቆመው አጠናውን በሜትር ይለካሉ፤ ሁለት ሜትር ተኩል ቀጥ ያለ ነው የሚፈልጉት። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። ባሕር ዛፉ መሐል የቀረው ጉም በጭረት በጭረት እየተነሣ ነበር፤ ከጉሙ ውስጥ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ። የሴቶቹ ፊት አይታይም። እግርና እንጨት ብቻ ነው የሚታየው፤ ጫካው ራሱ ተነሥቶ ወደ ከተማ የሚወርድ ይመስል ነበር። የፊተኛዋ አጠገባቸው ስትደርስ ሳትቆም፣ ቀና ሳትል፣ «ጥላህን ሰብስብ፣ ድንጋዩን ልይበት!» አለቻቸው። ከኋላዋ አንዷ «ለሊሴ፣ ተዪው!» ብላ ሳቀች። አለፉ። አቶ ረዳ ሜትራቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ከአራት ቀን በኋላ በትርኢቱ መሐል የእጅ ባትሪያቸው ድንጋይ አለቀ። የመለወጥ ተራው የሳቸው ነበር፤ ረስተዋል። ገጹ ጠቆረ። በዚያው ቅጽበት ባልቴቷን የምትጫወተው ሒሩት ባለርስቱ ፊት ቆማ ጉሮሮዋ ባዶውን ዋጠ። አስታዋሹ የሚያስታውሱት ነገር አልነበራቸውም። ከአፋቸው የወጣው ያ ነበር።

ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ነገሩን ያከበደችው ሙሉጌጥ ናት። ሙሉጌጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ተውኔቱን ሦስት ጊዜ አየች። ለሦስተኛ ጊዜ ባየችበት ቀን መውጫው በር ላይ ቃሏን እያነሣች ከጓደኛዋ ጋር ስትስቅ፣ አቶ ረዳ መዶሻቸውን እንደያዙ ቀረብ ብለው «እሷ እንኳ የኔ ናት» አሏት።

«የማን?»

«የኔ። እንጦጦ ላይ መጣችልኝ።»

ዐይኗን ጣለችባቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ኖሩ። ለልጆቿ ለርሆቦትና ለባሮክ ይህን ታሪክ የነገረችው እሷ ናት፤ ስትናገር አገጯን ከፍ ታደርግ ነበር። አቶ ረዳ ዝም ይሉ ነበር፤ ዝምታቸውን ቤተሰቡ ትሕትና አለው። ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ፣ መቃብሩ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ፣ «ያችን ታዋቂ ቃል ከፈጠሩት ከባለቤቷ ጋር» የሚል ነበረበት። ያነበበችው ርሆቦት ናት። ሕዝቡ በለቅሶ መሐል ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው መሬት መሬቱን አዩ።

እንግዲህ ምርጫው ይህ ነው። ከፈረሙ ቃሏ ትድናለች፤ ውሸቱ ግን በመጽሐፍ ይጸናል። ካልፈረሙ ቃሏ ትቀራለች። እውነቱን ከተናገሩ ደግሞ ልጆቻቸው የቆሙበት ነገር ይናዳል። ሦስት ቀን እህል አልጣማቸውም። ሐሙስ ማታ ለርሆቦት ደውለው «ነገ እንጦጦ አድርሺኝ» አሏት።

«ለምን?»

«ቃሏ የመጣችበትን ቦታ ላሳይሽ።»

«ኦ ማይ ጋድ! ለነአምን ፎቶ አነሣለታለሁ» አለች። ዓርብ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ መጣች።

በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወጡ። ዳገቱ ላይ ጉም ጠበቃቸው። ርሆቦት ፍሬን እየያዘች፣ መብራት አብርታ፣ በሁለተኛ ማርሽ ትነዳለች። ከጉሙ ውስጥ የሚሮጡ ሯጮች ብቅ ይሉና ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ። አቶ ረዳ መስኮቱን ዝቅ አደረጉት፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ገባ። ለጥቂት ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ሆኑ፤ ኪሳቸው ውስጥ ሜትራቸውን ፈለጉ።

ከራጉኤል በታች መንገዱ ዳር ቅጠል የሚሸጡ ሴቶች አሉ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠንበት የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፣ በእስር በእስር ይደረደራል። ሰኚ የምትባል አንዲት ወጣት ወደ መኪናው ሮጠች።

«አባባ፣ ትኩስ ቅጠል! አሁን የተቀነጠሰ!»

«ለሊሴ የምትባል፣ ድሮ እንጨት ትሸከም የነበረች፣ ታውቂያለሽ?»

«የትኛዋ ለሊሴ? ሦስት ናቸው። አንዷ ሞታለች፣ አንዷ ሱሉልታ ልጇ ጋ ሄዳለች።»

«የቀረችው።»

«አዴ ለሊሴ! እዚያ፣ ቆርቆሮው ሥር። ግን ጮክ ብለው ነው፤ ጆሮዋ እንደፈለገ ነው የሚሰማው።»

ርሆቦት ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ የምን ሴትዮ ነው የምንፈልገው?»

«ነይ» አሉ።

አዴ ለሊሴ ቅጠል እየመረጡ ነበር። ጀርባቸው እንደጎበጠ ቀርቷል፤ ተቀምጠው እንኳ የተሸከሙ ይመስላሉ። አቶ ረዳ ጎንበስ ብለው «አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ አጠናውን፣ ጉሙን፣ መንገድ ላይ መቆማቸውን። ቃሏን ሲሏት ርሆቦት ለፎቶ ከፍ ያደረገችውን ስልክ ቀስ ብላ አወረደች።

«እርስዎ ነበሩ?» አሉ አቶ ረዳ። «ያን ዕለት ያሉኝ እርስዎ ነዎት?»

አዴ ለሊሴ ፊታቸውን ሳያዩ ወደ ታች አዩ። «ጎንበስ ብሎ የኖረ ሰው ፊት አያውቅም፤ እግር ነው የማውቀው። ያኔ ምን ተጫምተህ ነበር?»

«ሸራ ጫማ።»

«ሸራማ ወንዱ ሁሉ ነበር የሚጫማው! ምን ቀለም?»

«ሰማያዊ መሰለኝ።»

«መሰለኝ ይላል!» ብለው ሳቁ። «እኔ ልሁን ዲንቂ ትሁን ምን ይታወቃል? ሁላችንም ነበር የምንለው። እናቶቻችንም ይሉት ነበር።»

«ሁላችሁም?»

«ታዲያስ! ሸክሙ አንገት አያስቀናም። የማየው ከእግሬ ፊት ያለውን አንድ ክንድ መሬት ነው። ወንዱ መንገድ ላይ ተገትሮ ጥላው ሲያርፍበት ድንጋዩ ይጠፋኛል፤ አንድ እግር ከሳትኩ እኔም እንጨቱም ገደል ነን። ምን ልበል? ‹ጌታዬ፣ እባክህ ዞር በልልኝ› ልበል? ትንፋሹ የለማ! አጭር ነው የሚያስፈልገው። አጭርና የሚያሳፍር።»

አቶ ረዳ ቃሏ ቴአትር ቤት እንደገባች፣ ሰው ቆሞ እንዳጨበጨበላት፣ ዛሬም ከተማው እንደሚላት ነገሯቸው።

«ተጨበጨበ? ለዚች?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ወይ ጉድ! ለኛ የደን ጠባቂ ነበር የሚያጨበጭብልን፣ በዱላ።» ቅጠሉን አስቀመጡ። «ታዲያ አሁን ምን ፈልገህ መጣህ?»

«በመጽሐፍ ልትገባ ነው። የኔ ናት ብዬ ኖሬያለሁ። የኔ አይደለችም። ስምዎን ላስገባ ብዬ ነው።»

አዴ ለሊሴ ያስቀመጡትን ቅጠል መልሰው አነሡ። ጉሙ በቆርቆሮው ላይ እየተንሸራተተ አለፈ፤ የራጉኤል ቅጥር ለአፍታ ታየና ተመልሶ ነጣ። «የኔን ብቻ ካስገባህ እነሱ ይታዘቡኛል» አሉ በመጨረሻ። «ዲንቂ፣ ሶሬቲ፣ አስካለ፣ ታደሉ፣ ወይንሸት። አብረን ነው የወረድነው። ካስገባህ ሁሉንም አስገባ፣ አለዚያ ተወው። አሁን ቅጠል ግዛኝ፣ ልጅቷን በርዷታል።»

ሁለት እስር ገዙ።

መኪናው ውስጥ ርሆቦት ቁልፉን አዙራ ሞተሩን አስነሣች፤ ግን አልሄደችም። መጥረጊያው ደረቅ መስተዋት ላይ ይመላለሳል።

«እኔ ነኝ ያነበብኩት» አለች። «የእማዬን የሕይወት ታሪክ። በገዛ እጄ ጽፌ፣ በገዛ አፌ። ቆመህ ሰማኸኝ።»

«ሰማሁሽ።»

«አንድ ቀን እንኳ፣ አባዬ? አንድ ቀን?»

«ከአሁን አሁን ስል ነው የቆየሁት። እናትሽ ስትናገራት ደስ ይላታል። ደስታዋን ልቀማት?»

«በሷ አታመካኝ።»

«እሺ» አሉ። «በሷ አላመካኝም። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።»

ርሆቦት መጥረጊያውን አጠፋችው። «ብታውቅ ኖሮ ታገባህ ነበር?»

«አላውቅም። ለመጠየቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነበረኝ።»

አለቀሰች። አቶ ረዳ መሐረብ አውጥተው ሰጧት፤ አልተቀበለችም፣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባ ሲነፋባቸው ዳር ያዘችና ሰዓቷን አየች።

«ነአምን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው?»

«አሥራ አንድ።»

«ተናገር፣ ልጻፍ» ብላ ስልኩን አወጣች።

አቶ ረዳ ቀስ እያሉ ተናገሩ፤ እሷ ጻፈች። ስትጨርስ አነበበችላቸው። «‹እኔ ረዳ ገላው፣ አስታዋሽ፣ ይህችን ቃል በ1974 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱ ሴቶች አግኝቼ...›»

«‹አግኝቼ› አይደለም፤ የወደቀ ነገር ያነሣሁ አታስመስይው። ‹ሰምቼ› በዪ። ‹ሳላስፈቅድ› የሚልም ጨምሪበት።»

ጨመረች። ስድስቱን ስሞች አከታትላ ጻፈች፣ ከዚያ ላከችው። ነአምን ደቂቃ ሳይቆይ ደወለ፤ ድምፁን ለሁለቱም ከፈተችው።

«ጋሽ ረዳ፣ ይሄ... ይሄማ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ወራሾቹን አስፈቅዳለሁ፤ የደራሲው ስም አይነካም ማለት ነው፣ እምቢ አይሉም። ግን ስሙ በዛ። ግርጌው አይበቃውም። ‹እነ ለሊሴ› ብለን ብናሳጥረውስ?»

አቶ ረዳ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ርሆቦት ቀደመቻቸው። «አያጥርም። ግርጌው ካልበቃው መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ ስጣቸው።»

«አንድ ገጽ ማለት እኮ...»

«ነአምን፣ አንድ ገጽ!»

«እሺ እሺ፣ ይሰጣል» ብሎ ዘጋ።

ወረዱ። ፈረንሳይ ሲደርሱ ጉሙ ከላያቸው ቀርቶ ነበር፤ ከተማው በፀሐይ ተዘርግቶ እስከ ኮተቤ ድረስ ቆርቆሮው ይብለጨለጫል። ርሆቦት ሬዲዮ አልከፈተችም። ከአንድ ዳቦ ቤት ሰልፍ አጠገብ መኪናውን አቆመች።

«ለባሮክ እኔ አልነግረውም» አለች።

«አልጠየቅኩሽም።»

«ከመጽሐፉ ላይ እንዲያነብም አልፈልግም። አሁን።» ቁጥሩን ደወለችና ስልኩን ዘረጋችላቸው። ከዚያ፣ ሳይጠይቋት፣ ሌላውን እጃቸውን ያዘችው።

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠራ። «ርሆ! በሰላም ነው?» አለ ባሮክ።

«አባትህ ነኝ» አሉ አቶ ረዳ። «ሥራ ላይ ነህ?»

«ምሳ ልወጣ ነው። ምነው አባዬ፣ አሞሃል?»

«ደህና ነኝ። ወደ አንድ ጥግ ሂድልኝ፤ ረዘም ይላል።»

የበር መዘጋት ተሰማ፤ ጫጫታው ቀነሰ። አቶ ረዳም የመኪናውን መስኮት እስከ ላይ ዘጉትና ከሙሉጌጥ ጀመሩ።